ልጅቷ ደህና ናት

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይህ ጽሑፍ ረዘም ስለሚል የቸኮለ ሰው ማታ ያንብበው። «ቲቸር ደወል ተደውሎም አያቆምም» ትሉኝ እንደነበር አልረሳሁም።

እንደምታውቁት አሁን የምኖረው ከልጄ ጋር፣ አሜሪካ፣ በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ዙሪያው ሜዳ ነው፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ በቆሎና አኩሪ አተር። ጎረቤታችን የ84 ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱ ኖረው፣ እርሻውን ለልጃቸው አስረክበው ነው ከተማ የገቡት። በሐምሌ ቲማቲም ያመጡልናል፤ እኛ እንጀራ እንሰጣቸዋለን። (እንጀራውን በማር ነው የሚበሉት። ልጄ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ትቼዋለሁ።)

ጥር ላይ፣ በረዶው ከጉልበት ባለፈበት ሰሞን፣ አንድ የቆየ የብስኩት ቆርቆሮና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ቅዱስ ታቅፈው በራችንን አንኳኩ። «ልጅህ ጀርመንኛ ታነባለህ አለችኝ» አሉ።

አነባለሁ። ከ1977 እስከ 1981 ዓ.ም. ምሥራቅ ጀርመን፣ ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ እርሻ ተምሬያለሁ። ስለዚያ ዘመን ክፍል ውስጥ ብዙ አውርቼላችኋለሁ፤ ስለ ድንች ለቀማው፣ ስለ ባልቲክ ባሕር ንፋስ። ያላወራሁላችሁ ነገር ቢኖር፣ ስሄድ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ደጀን እናቴ ዘንድ ትቼ መሄዴን ነው። ባለቤቴ ጤና ረዳት ነበረች፤ መተማ ተመድባ ለዓመት ፈቃድ ብቻ ነበር የምትመጣው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የሽማግሌው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የቅድመ አያታቸው አባት ከጀርመን መጥተው እርሻውን ያቀኑ ሰው ናቸው። በቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ መሠረት ሰውየው የትልቅ ባላባት ልጅ ነበሩ፤ ከአባታቸው ጋር በውርስ ተጣልተው ተሰደዱ። ሽማግሌው ያ የአባት ግዛት የት እንደነበረ ሳይሞቱ ማወቅ ይፈልጋሉ። «ግንብ ቤቱ ካለ ሄጄ ፊት ለፊቱ ፎቶ እነሣለሁ» አሉኝ። ይቀልዳሉ፤ ግን ብዙም አልቀለዱም።

እኔም በሆዴ ሳቅሁ። እኛም ቤት እኮ ያው ነው። አገሬው ዘሩን ሲቆጥር ሁሉም ደጃዝማች ላይ ነው የሚያርፈው። ቅድመ አያቴ ጭሰኛ ነበር የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ታዲያ ያን ሁሉ መሬት ማን አረሰው?

ሥራውን ጀመርን። (ከዚህ በኋላ የጀርመንና የአሜሪካ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የዘር ፍለጋ የሚጀመረው በሕይወት ካለው ሰው ነው። ሽማግሌውን አስቀምጬ ወደ ኋላ ቆጠርን፤ አባታቸው፣ አያታቸው፣ ቅድመ አያታቸው፣ ከዚያ ገበሬው። ቅድመ አያትየው ሴት ናቸው፤ ወንድሞቻቸው ወደ ምዕራብ ሲበተኑ እርሻው ለእሳቸውና ለባላቸው ቀረ። ከገበሬው በላይ ስም የለም። እኔ በልጅነቴ እናቴ እስከ ሰባት ቤት ታስቆጥረኝ ነበር፤ ወረቀት ግን አንድም የለንም። እዚህ ቤት ደግሞ የ1880ዎቹ የግብር ደረሰኝ ሳይቀር በቆርቆሮው ውስጥ አለ።

ሽማግሌው የቤተሰቡን ስም ኤሊስ ደሴት ላይ ጸሐፊ አበላሸብን ብለው ያምኑ ነበር። ይሄን ብዙ አሜሪካዊ ያምነዋል። የኤሊስ ደሴት ሠራተኞች ግን ከመርከቡ ዝርዝር ላይ እያዩ ነበር የሚሠሩት፤ ደግሞም ቦታው የተከፈተው በ1892 ነው። ገበሬው በ1900ው የሕዝብ ቆጠራ ላይ የገቡበትን ዓመት ሲጠየቁ 1866 ብለዋል። ያኔ ኒው ዮርክ የሚገባ ስደተኛ የሚያልፈው በካስል ጋርደን ነው። ስሙን ያበላሸው ማንም አይደለም፤ ልጆቻቸው ራሳቸው እንግሊዝኛ ለሚያነብ እንዲቀል ብለው አንድ ፊደል ጣሉ።

ቆጠራው የትውልድ ቦታ ሲል «ጀርመን» ብቻ ይላል። ይሄ ደግሞ «አፍሪካ» እንደማለት ነው። በ1866 ጀርመን የሚባል አንድ መንግሥት የለም፤ የተዋሐደችው በ1871 ነው። መንደሩን ካላወቅህ ምንም አታገኝም። መንደሩን ያገኘነው ከሉተራን ቤተ ክርስቲያን የቀብር መዝገብ ነው፤ ቄሱ የሟቹን የትውልድ መንደር በጥንቃቄ ጽፈዋል። ከመንደሩ ስም ቀጥሎ፣ መክለንቡርግ-ሽቬሪን።

ሳነበው ከወንበሬ ተነሣሁ። ሮስቶክ እኮ መክለንቡርግ ውስጥ ናት። ከተማሪዎች መኖሪያችን በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላ ቦታ።

ጽሑፉን ያነበብኩት እንዲህ በቀላሉ አይደለም። የዚያ ዘመን ጀርመኖች የሚጽፉት ኩረንት በሚባል የእጅ ጽሕፈት ነው። በሮስቶክ የተማርኩት ጀርመንኛ ምንም አልጠቀመኝም። «ኢ» የምትባለው ፊደል ቁርጥ «ኤን» ትመስላለች፤ «ዩ» ከ«ኤን» የምትለየው ከላይዋ ባለች ትንሽ ቅስት ነው። በ67 ዓመቴ እንደ ቆሎ ተማሪ ፊደል ቆጠርኩ። ልጄ ማታ ከሥራ ስትመጣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሰነጣጥሬ ስጽፍ ታገኘኛለች፤ «አባዬ፣ ነገ ፈተና አለህ?» ትለኛለች።

ከዚያ የሃምቡርግ ወደብ ዝርዝር አለ። በብሬመን በኩል የወጣ ሰው ዝርዝሩ አብዛኛው ጠፍቷል፤ የሃምቡርጉ ግን ከ1850 እስከ 1934 ያለው ተርፏል። ሰውየው በሃምቡርግ ወጥተዋል። የ1866 ገጽ ላይ ስማቸው፣ ዕድሜ 28፣ መንደራቸው፣ ሥራቸው «ክኔሽት»። የባላባት ልጅ አይልም። ክኔሽት ማለት በሰው እርሻ ላይ ተቀጥሮ የሚያድር ሎሌ ነው። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ከዚያው መንደር አንዲት የ25 ዓመት ሴት፣ በገዛ አባቷ ስም ተመዝግባለች።

መክለንቡርግ ምን ዓይነት አገር እንደነበረ ካልነገርኳችሁ ይሄ ነገር አይገባችሁም። መሬቱ አብዛኛው የመስፍኑና የባላባቶች ነው። ገባርነት በ1820 በአዋጅ ቀረ። ነጻነቱ ግን ከነመርዙ መጣ። ድሮ ባላባቱ ገባሩን አስሮ ያኖረው ነበር፤ አሁን ማባረር ቻለ። አንድ ሰው በመንደሩ ጎጆ ይዞ የመኖር መብት ካላገኘ ማግባት አይፈቀድለትም፤ መብቱን የሚሰጠው ደግሞ ባለ መሬቱ ነው። ባለ መሬቱ ነገ የሚጦር ደሃ እንዳይበዛበት ይከለክላል። ስለዚህ ሰዎች ሳይጋቡ ይወልዳሉ፤ ቄሱም በመዝገቡ ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ብሎ ይጽፋል። ይህ የጋብቻ ክልከላ የተነሣው በ1868 በወጣ ሕግ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከሄዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የባላባቶቹን ቤቶች እኔ አውቃቸዋለሁ። በ1945 የመሬት ይዞታ ለውጥ ከ100 ሄክታር በላይ ያለው ሁሉ ሲወረስ፣ ግንብ ቤቶቹ መዋዕለ ሕፃናትና የኅብረት እርሻ ጽሕፈት ቤት ሆኑ። ድንች ለቀማ ስንሄድ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ተኝተናል። መሬት ላይ ፍራሽ፣ ጣሪያው ላይ የተቀረጸ የወይን ሐረግ። አንድ አዛውንት የትራክተር ነጂ የዚያን ጊዜውን መፈክር ሲነግረኝ፣ «የጌቶች መሬት በገበሬ እጅ»፣ እኔ የየካቲት 1967ቱን አዋጅና የ«መሬት ለአራሹ»ን ሰልፍ ነገርኩት። እጄን ጨብጦ አላስለቅቅ አለኝ።

ወደ ሰዎቻችን። ዊስኮንሲን በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ገብተው ተጋቡ። መዝገቡ አለ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ይሄ መሆኑን ለሽማግሌው ስነግራቸው ደስ አላቸው። የባላባቱ ልጅ ተረት መፍረሱን እንደፈራሁት አልከፋባቸውም፤ «ታዲያ ከእኔ የተሻለ ሠራተኛ ነበሩ» ብለው ዝም።

ስድስት ዓመት በሰው እርሻ ሠርተው በ1872 ሚኒሶታ መጡ። ሊንከን በግንቦት 1862 በፈረሙት ሕግ መሠረት፣ ዜጋ የሆነ ወይም ለመሆን ማመልከቻ ያስገባ ሰው 160 ኤከር ይይዛል፤ በእኛ አንድ ጋሻ ተኩል ያልፋል። አምስት ዓመት ከኖረበት፣ ቤት ከሠራበትና ካረሰው የእሱ ይሆናል። የዚህ ፋይል ዋሽንግተን በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል፤ አስመጣነው። ገበሬው በጎረቤቶች ምስክርነት ያረጋገጡት ሁሉ አለበት። የቤቱ ስፋት፣ ጉድጓድ ውሃ፣ በረት፣ የታረሰው 40 ኤከር፣ ሚስትና አምስት ልጆች።

በሚስትና በአምስት ልጆች ላይ ትንሽ ቆዩልኝ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ያ መሬት ባዶ አልነበረም። የዳኮታ ሕዝብ ነበር፤ በ1851 ውል ተወሰደበት። ሊንከን የመሬቱን ሕግ በፈረሙበት በዚያው 1862፣ በታኅሣሥ፣ ከዚህ ወደ ምሥራቅ ባለችው ማንካቶ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። ይሄን ለሽማግሌው አነሣሁባቸው፤ «አውቃለሁ። ማረሻ የቀስት ጫፍ ያወጣል» አሉ። በቆርቆሮው ውስጥ ሦስት የድንጋይ ቀስት ጫፍ አለ፤ ያኔ ነው ያሳዩኝ። ሁለተኛው አንበጣ ነው። ከ1873 እስከ 1877 አምስት ዓመት በላቸው። በመጨረሻው ዓመት የግዛቷ ገዥ ጆን ፒልስበሪ ሚያዝያ 26ን የጸሎት ቀን ብለው አወጁ። አንበጣ ያየ የእኛ አገር ሰው ይሄን አያስረዱትም።

አሁን ልጆቹ። መጽሐፍ ቅዱሱ የፊት ገጽ ላይ የልደት ዝርዝር አለ። የመጀመሪያዋ ልጅ፣ የሽማግሌው ቅድመ አያት፣ 1867 ዊስኮንሲን ይላል። የመቃብር ድንጋያቸውም 1867 ነው። ግን ወረቀቱን ወደ መብራት ስታነሡት የመጨረሻው ቁጥር ያለበት ቦታ ሳስቷል፤ በቢላ ተፍቋል። የቀለሙም መልክ ሌላ ነው።

ፍንጩን የሰጠን የቤተ ክርስቲያኑ የማጽኛ መዝገብ ነው። ሉተራኖች ልጅ 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርቱን ጨርሶ ይጸናል፤ ቄሱ የልደት ቀንና ቦታ ይመዘግባል። ልጅቷ የጸናችው በ1877 ነው። በድንጋዩ ከሄድን የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቄሱ የጻፈው ደግሞ 1863፣ መክለንቡርግ። ለመንግሥት ቆጣሪ ዋሹ፤ ለቄሱ መዋሸት አልሆነላቸውም።

የሃምቡርጉን የ1866 ገጽ እንደገና አወጣሁት። ሰውየው አሉ፣ ሴትየዋ አለች። የሦስት ዓመት ልጅ የለችም።

በዚያች ሌሊት አልተኛሁም። የመክለንቡርግ-ሽቬሪን የ1867 ቆጠራ ሰውን በስም ይዘረዝራል። መንደሩን ቤት በቤት ሄድኩበት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አገኘኋት። አንዲት የ58 ዓመት ባልቴት፣ የቀን ሠራተኛ፣ የሴትየዋ እናት። ከሥሯ አንድ መስመር ብቻ። የአራት ዓመት ሴት ልጅ። የዝምድናው ዓምድ፣ የልጅ ልጅ።

የክርስትናዋን መዝገብም አገኘሁ፤ ከጋብቻ ውጭ፣ አባት ነኝ ብሎ ያመነው ደግሞ የኛው ገበሬ። ከዚያ በ1873 የሃምቡርግ ዝርዝር ላይ፣ ከዚያው መንደር ከተነሣ ስድስት ልጆች ካሉት ቤተሰብ ግርጌ፣ የአሥር ዓመት ልጅ በእናቷ ቤተሰብ ስም ተጽፋለች። አያቷ አብራት የለችም። በአንበጣው የመጀመሪያ ክረምት ደረሰች። በ1875 በተደረገው የሚኒሶታ ቆጠራ ከወላጆቿና ከታናናሾቿ ጋር አለች፤ የአባቷን ስም ይዛለች፤ ዕድሜ፣ ስምንት። አራት ዓመቷን እዚያው ወሰዱባት።

ሁለት ሳምንት ለሽማግሌው ሳልነግራቸው ቆየሁ። ዲቃላ የምትለዋ ቃል በእኛ ቋንቋ ምን ያህል እንደምትከብድ ታውቃላችሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ የያዘኝ እሷ አይደለችም።

በኋላ ልጄ ባለችበት ቡና አፍልተን ጠራኋቸው። ወረቀቶቹን በተራ ዘረጋሁ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ የጠየቁት ስለ ልደቷ አይደለም።

«አያቷስ? አብራ አልመጣችም?»

«አልመጣችም። በ1879 እዚያው ተቀብራለች።»

«ስድስት ዓመት ብቻዋን።» ጣታቸውን በመስመሯ ላይ አደረጉ። «ለምን ጥለዋት ሄዱ?»

ለሁለት ሰው የተጠራቀመ የመርከብ ገንዘብ፣ ልጅ ታቅፎ ሥራ የማያገኝ ሰው፣ እንደዚህ እንደዚያ እያልኩ ጀመርኩ። ልጄ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ታየኛለች። አቆምኩ።

ድንጋዩን እናስተካክለው ወይ አልኳቸው። «አይነካ። የዋሸችው ምክንያት ስለነበራት ነው» አሉ። መጽሐፍ ቅዱሱን ግን ወደ እኔ ገፉት። በተፋቀው ቁጥር አጠገብ በዚያው በአሮጌው ጽሕፈት ትክክለኛውን ዓመትና መንደሩን፣ ከሥሩም የአያቷን ስም እንድጽፍ ጠየቁኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩ። ያን ሁሉ ልምምድ ለካ ለዚች ለአንድ መስመር ኖሯል።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ስኒዎቹ እንዳሉ ነበሩ። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ሮስቶክ የምትልክልኝን ደብዳቤ የሚጽፍላት የሰፈር ተማሪ ነው። ዝናቡን፣ የላሟን ነገር፣ ማን ሞተ ማን አገባ፤ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ልጅቷ ደህና ናት። እነዚያን ደብዳቤዎች እስካሁን አልጣልኳቸውም። በዚያች ማታ አውጥቼ ለልጄ ሰጠኋት። ሁለቱን አነበበች።

«ደህና አልነበርኩም እኮ፣ አባዬ» አለች። በቁጣ አይደለም። «የመጀመሪያውን አላስታውስም። ስትመለስም አላወቅሁህም፤ ይሄ ሰውዬ ማነው ብዬ እማማ ቀሚስ ሥር ተደበቅሁ። እሱን አንተም ታውቀዋለህ። የከፋው ግን ከእሷ የወሰድከኝ ቀን ነው። አውቶቡሱ ሲነሣ እማማ መስኮቱን ይዛ ትሮጥ ነበር። አላየሃትም?»

አላየሁም። ሻንጣ እያስተካከልኩ ነበር።

«ያቺ ልጅ መርከብ ላይ ማን አቀፋት?» አለች ቆይታ። ስድስት ልጅ ስለነበራት ሴት ነገርኳት። «ስድስት ልጅ ያላት ሴት አታቅፍም» አለች።

ሽማግሌው በሰኔ ከልጃቸው ጋር መክለንቡርግ ይሄዳሉ። አስተርጓሚ ሆኜ እንድሄድ ጠይቀውኝ ነበር፤ የኩረንቱን ፊደል ገበታ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ከመንደሩም አንድ ጀርመን መምህር አገናኝቻቸዋለሁ። እኔና ልጄ በመስከረም ደጀን ነን። የእናቴ መቃብር ላይ እስካሁን ድንጋይ የለም። ያረፈችው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ የተወለደችበትን ግን «ጣሊያን ሳይገባ» ከማለት በቀር በቁጥር የነገረን የለም። ከደጀን ሰዎች መካከል እኩያዎቿን የሚያውቅ፣ ወይም አያቱን ጠይቆ ሊነግረኝ የሚችል ካለ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።